የሆራ ቦቃ አባት

ባለፈው የገበያ ቀን ጎባ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ፣ ከእህል ተራው ጫፍ አንዲት ሴት ጆንያዋን ፈትታ ተቀምጣ አገኘኋት። የምትሸጠው ከብት የሚልሰውን የቦሌ አፈር ነው። ማለዳ ካፊያ ጣል አድርጎ ስለነበር አፈሩ ርሷል። የዛገ ብረትና የቆየ እንቁላል የተቀላቀለበት የሚመስለው ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ ተያዘ። ሴትዮዋ ገዢ መስያት «እማማ፣ ለስንት ከብት ነው?» አለችኝ። ከብት ከቤታችን ከወጣ ስንት ዘመኑ! «ከብት የለኝም፤ ለማሽተት ነው» አልኳት። ሳቀች። አሮጊት ያሻትን ብትናገር ማን ይቆጣታል። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩና ቀኑን ሙሉ ስለ አንድ ሰው ሳስብ ዋልኩ፤ ስለ አባ ሆራ።

ሆራ ቦቃ የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ዛሬ የሚነግራችሁ አታገኙም። ከጎባ ወደ ሰነቴ አፋፍ የሚያወጣውን መንገድ ይዛችሁ ግማሽ ቀን በእግር ብትሄዱ፣ ጥዱ አልቆ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሲጀምር፣ በሁለት ኮረብታዎች መካከል የተኛች ጎድጓዳ ሜዳ አለች። ጠዋት ጠዋት ጉም ይሞላታል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ሳሩን ስለሚያደርቀው ስትሄዱበት ከእግራችሁ ስር ይንኮሻኮሻል። ጤፍ አይሞከርባትም፤ ገብሱም ቢሆን እየተለማመጡት ነው የሚበቅለው። አባቴ ያችን መሬት በተመራ ጊዜ ጓደኞቹ «ባሻ ይፍሩ ጉም ተመራ!» እያሉ ስቀውበታል። እሱም አብሮ ስቋል።

እኛ ከመንዝ የመጣን ነን። የንጉሡ ጦር ባሌን ከያዘ በኋላ፣ አባቴ ከነውጅግራ ጠመንጃው እዚያው እንዲሰፍር ተፈቀደለትና እናቴን አስመጣ። እኔ በበቅሎ ጀርባ ላይ እናቴን አቅፌ የመጣሁ ሕፃን ነበርኩ። እናቴ በዚያ መንገድ ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ አንዱን አዋሽን ሳንሻገር፣ አንዱን አርሲ ውስጥ፤ ሁለቱም ምልክት የላቸውም። ወንድሜ ተክሉ የተወለደው ጎባ ሰፈሩ ውስጥ፣ ድንኳኑ ገና በቤት ሳይተካ ነው። ስለዚህ እናቴ ተክሉን የምታየው እንደ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ መንገዱ ሳይወስድባት የቀረ አንድ ነገር አድርጋ ነበር።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው አባቴ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ገባሮቹ ማገዶ ያመጣሉ፣ ገብስ ይፈጫሉ፣ አጥር ያጥራሉ፤ እሱ ደግሞ በዓመት በዓል ሙክት አርዶ ያበላቸዋል። ይህን የእግዜር ሥርዓት አድርጎ ነበር የሚያየው። ሌላ ሥርዓት ከእሱ በፊት በዚያች ሜዳ ላይ መኖሩን ማንም አልነገረው፤ ቢነግሩትም የሚሰማበት ጆሮ የነበረው አይመስለኝም።

ያ ሥርዓት ግን ነበረ፤ የሚጠብቀውም ጂሎ የሚባል ሽማግሌ ነበር። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ አገሬው ሁሉ አባ ሆራ ነው የሚለው። ሆራ ማለት ጨው ጨው የሚል፣ ከብት የሚጠጣው ምንጭ ነው። ቦቃ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ላም ናት። ሰው ገና ሳያውቀው ምንጩን በእግሯ ጭራ ያገኘችው አንዲት ቦቃ ላም ናት ይሉ ነበር። የምንጩን ጠባቂነት ጂሎ ከአባቱ ወርሷል፤ አባቱም ከአባቱ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ደረቀ ወይራ የጠነከረ ሰውዬ ነበር። ድምፁ ከብት በመጥራት ብዛት ሰልሏል። እግሮቹ እስከ ጉልበቱ ድረስ ቀይ ናቸው፤ የምንጩ ጭቃ ለብዙ ዘመን ስለነከራቸው ቢታጠብም አይለቅም። አማርኛውን የተማረው በሸክም ነው፤ ጦሩ በገባበት ዓመት የወታደር ስንቅ እየተሸከመ። ለዚህም ይሁን ለሌላ፣ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የሰፈራችንን ቄስም አባቴንም «አንተ» ነው የሚለው። አባቴ በመጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ግን «ለአገረ ገዢውም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚለው» እያለ ይስቅ ጀመር።

እኔን «ያ ኢንተላ» ይለኛል፤ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። ከአጠገቡ ስቀመጥ አጋም ለቅሞ በቅጠል ይሰጠኛል። የተራራውን፣ የወንዙን፣ የመሻገሪያውን ስም ሁሉ ያስቆጥረኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ የምሥራቁን ኮረብታ ስጠይቀው ስሙን አልነገረኝም። «ልጆቼ እዚያ ናቸው» አለኝ። ከብት እየጠበቁ ነው ብዬ አሻግሬ ማየት ጀመርኩ። «አይታዩም። ጦሩ የመጣ ጊዜ ነው» አለና አጋሙን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። አባቴ በዚያ ዘመቻ ነበረበት፤ በዚያ ኮረብታ ይሁን በሌላ ግን እስኪሞት አልጠየቅሁትም።

በጋው ሲከር ከብቱ ከሃረና ጫካና ከዚያ ወዲያ ካለው ቆላ ሽቅብ ይመጣል። ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መጀመሪያ የእረኞቹ ፉጨት፣ ቀጥሎ ግሳት፣ ከዚያ ምድሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የሁሉንም ተራ የሚሰጠው አባ ሆራ ነው። ከምንጩ ዓይን አጠገብ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ እሷ ላይ ቆሞ በበትሩ እየጠቆመ ያስገባል፣ ያስወጣል። ሃምሳ ላም ያለውና አምስት ያለው በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እንደተጣደ ድስት ይፍለቀለቃል፤ ከብቱ ያ የቦሌ ሽታ ሲደርሰው እንደ ጥጃ ይፈነጫል። ትላልቅ በሬዎች ጅራታቸውን አቁመው ሲሮጡ እያየሁ ስስቅ እውል ነበር።

ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ግዴታ ግን ነበረ። ማንም እረኛ ከብቱን ከማጠጣቱ በፊት ልብሱን ሰብስቦ ምንጩ ውስጥ ይገባና ጭቃ ያወጣል። ብዙ ከብት ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት። የወጣው ጭቃ ዳር ዳሩ ላይ ተለስኖ የከብት መጠጫ ገንዳ ይሆናል፤ የተረፈውን ሴቶቹ ለጥጃ መላሻ ያደርቁታል። «ጭቃ ያላወጣ አያጠጣም» ይላል አባ ሆራ፣ ባለጸጋውንም ድኻውንም። እኔ የእረኞች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ከላይ ከኮረብታው በየክረምቱ የሚወርደው ደለል የምንጩን ዓይን እንዳይደፍነው የሚያደርገው ያ ጨዋታ መሆኑን ያወቅሁት ከረፈደ ነው።

ተክሉ በአራት ዓመቱ ታመመ። መጀመሪያ ክንዱ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ በወር ውስጥ ገላው ሁሉ ቆሰለ። እንቅልፍ የለው፣ ምግብ አይወስድ። ክታብ ተጻፈለት፣ ቅቤ ተቀባ፣ ቅጠል ተበጠሰለት፤ ቁስሉ ግን ባሰ። እናቴ አታለቅስም ነበር። ሌሊት የለበሰችውን ቀሚስ ሳትለውጥ፣ ልጁን በነጠላ ጠቅልላ አቅፋ፣ ከጓሮ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓሮ ስትመላለስ ትውላለች። የሦስተኛውን መቃብር ቦታ እየመረጠች እንደነበር ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

አንድ ረፋድ እንዲሁ ስትንከራተት ወደ ሆራው ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። በጋ ስለነበር ሜዳው በከብት ተሞልቷል። አባ ሆራ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ አየንና በትሩን ወደ ላይ አነሣ። ሊገባ የነበረው መንጋ ቆመ።

«አንቺ፣ ልጁን አምጪ» አላት።

እናቴ አፈገፈገች። ወርዶ ነጠላውን ገለጥ አደረገና አየው። ፊቱን አላጨፈገገም። «ከብትም እንዲህ ይሆናል፤ ሆራ ያድነዋል» አለ። አንዱ እረኛ በኦሮምኛ ሲያጉረመርም ዞር ብሎ ተቆጣው። ከብቱ ተጠምቷል፣ ተራችን ነው ማለቱ ነበር። አባ ሆራ የመለሰለትን ሰምቻለሁ። የሰው ጥም ይቀድማል፤ የማን ልጅ ነው ተብሎ አይጠየቅም ነው ያለው።

ወንድሜን ተቀብሎ ይዞት ገባ። ያን የቆሰለ ገላ ከአንገቱ እስከ ጥፍሩ በቀዩ ጭቃ ለሰነው፤ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው፤ ሲደርቅ አጠበው። ከዚያ የተጠማው መንጋ ገባ። እስከ ሰባት ቀን እንዲሁ አደረገ። በአምስተኛው ቀን ተክሉ ቆሎ ጠየቀ። በሰባተኛው ቀን ቁስሉ ቅርፊት ሆኖ መርገፍ ጀመረ። እናቴ ሄዳ የሽማግሌውን ጭቃማ ጉልበት ሳመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አባቴ በሌለበት፣ አባ ሆራን «እርስዎ» ትለው ነበር። እሱ ለውጡን አላስተዋለውም።

እንግዲህ የእኛ ጥፋት የሚጀምረው ከምስጋና ነው። አባቴ ልጁ በታመመ ጊዜ ለኪዳነ ምሕረት ተስሎ ነበር። «ልጄን ብታተርፊልኝ፣ የተረፈበትን አከብራለሁ» ብሎ። ልጁ ዳነ። ቄሱን ይዞ ምንጩን አሳየው፤ ቄሱም ከራሱ የሚፈላውን ውሃ አየ፣ ሽታውን አሸተተ፣ የዳነውን ልጅ አየ። ጠበል ለመሆኑ ምን ጥርጥር አለው? አገር ሲቀና ጠበሉ ይፈልቃል አለ። አባቴ ያን ቀን ያለቀሰውን ያህል ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። በሳምንቱ ገባሮቹ ጥድ እየቆረጡ ሆራውን ዙሪያውን አጠሩት። የሚያጥሩት እነዚያው ሲያጠጡ የኖሩት ሰዎች ነበሩ። አባ ሆራ የሚቆምባት ድንጋይ ላይ የእንጨት መስቀል ተተከለ።

አባ ሆራ በማግስቱ መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች አብረውት አሉ፤ ሁሉም በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል። በእነሱ ደንብ ሳር የያዘ ሰው ለእርቅ ነው የመጣው፤ አይመታም፣ አይሰደብም። አባቴም አክብሮ አስቀመጣቸው።

«ባሻ፣ አጥሩን አንሣልኝ» አለ አባ ሆራ።

«ለምን? ሰው አልከለከልኩም። አንተም ና፣ ጠጣ፣ ታጠብ። ከብት ብቻ ይቅር።»

«ከብት ካልመጣ ሰው ጭቃ አያወጣም። ጭቃ ካልወጣ ዓይኑ ይዘጋል።»

«ልጄን ያተረፈ ውሃ ነው! በኮቴ አላስረግጠውም፣ ፋንድያ አላስጥልበትም።»

«ልጅህን ያተረፈው በኮቴ የተረገጠው ውሃ ነው» አለ አባ ሆራ ቀስ ብሎ። «ሆራ ያላገኘች ላም አታረግዝም፤ ወተትም የላትም። እነዚህ ሰዎች ሌላ ነገር የላቸውም። መሬቱን ወሰድክ፣ እሺ። እኛንም ወሰድክ፣ እሺ። ይሄን ተውልን።»

አባቴ ያዘነ ይመስል ነበር፤ ያዘነም ይመስለኛል። ግን ስለት አለበት፤ የልጁ ነፍስ በዚያ ስለት ላይ ተንጠልጥላ ነው የሚያያት። አጥሩን ቢያነሣ ተክሉ እንደገና የሚታመም መሰለው። እናቴም ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር፤ «ተውላቸው» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ስለዚህ አባቴ ቸርነት የመሰለውን አደረገ። «እንግዲያው ጠባቂነቱን አልነሣህም። የጠበሉ ዘበኛ አንተ ሁን። ከሌላው ግዳጅ ነፃ ነህ» አለው። ሽማግሌዎቹ ተነሡና ሄዱ። አባ ሆራ ሳሩን እንደያዘ ብቻውን ቀረና «እሺ» አለ።

በዚያ «እሺ» ብዙ ሰው ናቀው። ሆድ አደር አሉት። በዚያ በጋ ከሃረና የወጣው ከብት አጥሩ ዘንድ ደርሶ፣ ሽታው እየደረሰው፣ ሲጮህ ውሎ ሲመለስ፣ በሩን ዘግቶ የቆመው እሱ ነበር። እረኞቹ እፊቱ ላይ ምራቃቸውን ሲተፉ አይቻለሁ። በዚያ ዓመት ጥጃ የጣሉት ላሞች ብዙ ነበሩ፤ ገባሮቻችን ቤት ወተት ጠፋና ሕፃናቱ በገብስ ውሃ ከረሙ።

ለምን እሺ እንዳለ የገባኝ በአጋጣሚ ነው። አንድ ማለዳ፣ ገና ጉሙ ሳይገለጥ፣ እናቴ ለተክሉ ጠበል እንዳመጣ ላከችኝ። አጥሩ ጋ ስደርስ አባ ሆራ ምንጩ ውስጥ ነው። ውሃው ወገቡ ደርሷል። ጭቃውን በእጁ ዝቆ በቅል ይሞላና አጥሩ ድረስ ተሸክሞ ወስዶ ያፈሰዋል። መቶ እረኛ ይሠራው የነበረውን አንድ ሽማግሌ ብቻውን ይሠራል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ፈገግ አለ። «ያ ኢንተላ፣ ዛሬ ሠላሳ ቅል አወጣሁ» አለኝ። በየቀኑ ማለዳ እንዲሁ ያደርግ ኖሯል።

እንዳትናገሪ አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ አልናገርም ነበር። እሱ ግን ሕፃን ማስፈራራት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም የተሰወረ ነገር መሆኑ አልገባኝም፤ ያየሁት ጉብዝና ነው፤ ጉብዝና ደግሞ ይወራል። እቤት ስገባ ቄሱ ከአባቴ ጋር ቁርስ ይበላል። እናቴ «ምን አቆየሽ?» ስትለኝ፣ አባ ሆራ ምንኛ ጎበዝ እንደሆነ፣ ወገቡ ድረስ ገብቶ ሠላሳ ቅል ጭቃ እንዳወጣ፣ በየማለዳው እንደሚያደርገው በደስታ ነገርኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእኔ ግን ከአፋፍም አልፎ ገደል ነው የገባው።

ቄሱ እንጀራውን አስቀመጠ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!» አለ። ጠበሉን ሲያረክሰው፣ አፈሩን ሲዘርፈው ከርሟል አለ። አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬ ሮጥኩ። አባ ሆራ ገና ከውሃው አልወጣም ነበር። አባቴ አልመታውም፤ እጁን ዘርግቶ ጎትቶ አወጣው፣ በሩን አሳየው። «አመንኩህ እኮ» አለው። ድምፁ የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበር። አባ ሆራም ቀዩ ውሃ ከእግሩ እየተንጠባጠበ «ልጅህን ይዤ እዚህ ስገባም አምናችሁኝ ነበር» አለና ሄደ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። አይቶ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን አንድ ሰው ቢቆጣኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው።

የሚቀጥለው ክረምት ከባድ ነበር። ደለሉ ወረደ፤ የሚያወጣው የለም። መስከረም ላይ ውሃው መፍላቱን ቀነሰ፤ በበጋው አልፎ አልፎ አንድ አረፋ ብቻ ብቅ ይላል። በሁለተኛው ዓመት ላዩን አረንጓዴ ሻጋታ ሸፈነውና ትንኝ ይፈላበት ጀመር። ከጎባ ድረስ በቃሬዛ ሰው ይዘው የመጡ ሁሉ እያዘኑ ተመለሱ። ቄሱ፣ ጠበሉ የተቆጣው ስለተረገጠ ነው አለ። አባቴ ጾመ፣ ሰገደ፣ አጥሩን በሌላ ረጅም አጥር አስለወጠ። ውሃው ግን ቀነሰ እንጂ አልጨመረም።

በመጨረሻ አባቴ ያላሰብኩትን አደረገ። ውጅግራውን ቤት ትቶ፣ በእግሩ ወደ አባ ሆራ ጎጆ ሄደ። ባለመሬት ወደ ገባሩ ጎጆ ለልመና ሲሄድ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ግን ዘግይቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው። አባ ሆራ ከደጅ ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያ ማለዳ ወዲህ ሳል ይዞት ከስቷል። አባቴ ቆሞ «ክፈትልኝ» አለው። «አጥሩን አፈርሳለሁ። ከብቱም ይምጣ። አንተ ብቻ ዓይኑን ክፈትልኝ።»

አባ ሆራ ሰው ላከ። በዱሮው ጊዜ ቢሆን መቶ ሰው ይመጣ ነበር። ከብቱ ግን ወደ ሃረና ተበትኗል፤ ሰዉም ተከትሎታል። የመጡት ሰባት ናቸው። አባቴም ልብሱን ሰብስቦ ስምንተኛ ሆኖ ገባ። ሦስት ቀን ቆፈሩ። የቆፈሩት ሁሉ ደለል ነው፤ ከደለሉ በታች ደለል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባ ሆራ ሁሉንም አስወጣቸውና ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ጆሮውን መሬቱ ላይ አደረገ። ሲነሣ ጉንጩ ላይ ጭቃ ነበር።

«ሄዷል» አለ።

«ወዴት?» አለ አባቴ።

«አላውቅም። ውሃ እንደ ሰው ደጅ አይጠናም፣ ባሻ።»

በዚያው ሳምንት ጎጆውን ነቅሎ፣ የቀሩትን ጥቂት ከብቶች ነድቶ ወደ ሃረና ወረደ። አባቴ ገባሩን ማስቀረት ይችል ነበር፤ ሕጉ የእሱ ነው። አላስቀረውም። እኔ ከአጥሩ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሲሄድ አየሁት። ተነሥቼ ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ማለት የሚገባኝን አሳምሬ አውቅ ነበር። ከብቱ አስታው ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በበጋ፣ አንዲት ሴት አንዲት ቀይ ጊደር እየነዳች ከደጃችን ቆመች። መንገድ ያደከማት ናት። «የጂሎ ልጅ ነኝ» አለች። አባቷ ከሳሉ አልዳነም። ሊሞት ሲል የቀሩትን ከብቶች ለተረፉት ልጆቹ አከፋፍሏል። «ይህች የዚያ ልጅ ድርሻ ናት» አለችና ገመዱን ወደ ተክሉ ዘረጋች።

አባቴ አልገባውም። «ምን ድርሻ? ከእኛ ምን አለው?»

«ሆራ ያዳነው ልጅ የአባ ሆራ ልጅ ነው። አባት ለልጁ ሃንዱራ ይሰጣል» አለች። ሃንዱራ ምን እንደሆነም ነገረችን። የልጁ እትብት ሲቆረጥ አባቱ የሚሰጠው ጊደር ነው፤ እሷ ትወልዳለች፣ ልጇም ትወልዳለች፤ ልጁ ሲያድግ የራሱ መንጋ ይጠብቀዋል። ንግግሯ ውስጥ ቁጣም ፍቅርም አልነበረም፤ የተላከችውን አደረሰች፣ በቃ። አባቴ ከዚያ አገር ሰው ብዙ ከብት ወስዷል። ይህችን ግን እጁን ዘርግቶ መቀበል አቃተው፤ ገመዱን የተቀበለቻት እናቴ ናት። ሴትዮዋ ግቢ ስንላት እምቢ ብላ፣ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።

ተክሉ ጊደሯን እንደ እህት ወደዳት። ዕድሜዋ ሲደርስ አባቴ ኮርማ አመጣላት፤ ጽንስ አልያዘችም። ከጎባ ሌላ አመጣ፣ ከሮቤ ሌላ አመጣ። እናቴ በሆራው ፈንታ አሞሌ ጨው እየሰበረች፣ በውሃ እያሟሟች ታጠጣት ነበር። በየዓመቱ በጋ ሲገባ ተክሉ ሆዷን እየዳሰሰ «ዘንድሮስ?» ይለናል፤ እኛም ዘንድሮ ሳይሆን አይቀርም እንለዋለን። አባቴ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ይወጣል። ጊደሯ በመጣች በስድስተኛው ዓመት አባቴ ሞተ። እሷ ከእሱ በኋላ ብዙ ቆየች። ሳትወልድ አርጅታ፣ ጥርሷ ረግፎ፣ ገብስ በእጃችን ስናጎርሳት እንኳ በቤታችን ስሟ ጊደሯ ነበር።